የሆስፒታል ቢል ሲመጣ፦ አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች

ቢሉ እንደደረሰ ክሬዲት ካርድ አያውጡ። መጀመሪያ ሆስፒታሉ ለትርፍ የተቋቋመ መሆን አለመሆኑን ያጣሩ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው፤ የፌዴራል ገቢ ግብርም አይከፍሉም። በምላሹ የ2010 የጤና ሕግ (ኦባማኬር) አቅም ለሌለው ታካሚ ቢል የሚሰርዙበት ወይም የሚቀንሱበት የጽሑፍ ፖሊሲ እንዲኖራቸው ያስገድዳል።

ሲደውሉ «ፋይናንሻል አሲስታንስ» (የክፍያ እርዳታ) የሚለውን ቃል ይጥቀሱ። «ትንሽ ቀንሱልኝ» ካሉ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልዎ የወር ክፍያ ዕቅድ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዕዳው ላይ አንድ ዶላር አይነካም። አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ በነፃ ነው፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።

«ሥራ አለኝ፣ እኔን አይመለከተኝም» ብለው አይተዉት። የገቢውን ጣሪያ የሚወስነው በአብዛኛው ሆስፒታሉ ራሱ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሕጉ ከፌዴራል የድህነት መለኪያ እስከ 200 በመቶ ለሚያገኝ ቤተሰብ አስፈላጊ የሆስፒታል ሕክምና በነፃ እንዲሆን ያዛል። በ2025 መለኪያ ይህ ለ4 ሰው በዓመት 64,300 ዶላር ነበር። ባልና ሚስት ሁለቱም እየሠሩ ከዚህ በታች የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ለዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ ለሚከፍለው) ማመልከት የሚችልበት ሆስፒታል አለ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ቢል ቀን ይመዝግቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ 120 ቀን እስኪያልፍ ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ሊከስዎ፣ ደመወዝዎን ሊያስቆርጥ ወይም ለክሬዲት ቢሮ ሊያሳውቅ አይችልም። ለማመልከት ያለዎት ጊዜ ከዚያው ቀን ጀምሮ 240 ቀን ነው። ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) በመሐል ቢደውል አይደንግጡ፤ 240 ቀኑ እስካላለፈ ሆስፒታሉ ማመልከቻዎን መቀበል ግዴታው ነው። ከፍለው ከሆነም ያመልክቱ፤ ከተፈቀደልዎ በትርፍ የከፈሉት ይመለስልዎታል።

ብዙ ማመልከቻ የሚጓተተው በጎደለ ወረቀት ነው። የታክስ ፎርም፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶች፣ የቤተሰቡ ብዛት ማስረጃ ያዘጋጁ። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዱ ከሆነ 1099 የተባለውን የገቢ ፎርም ብቻ አይላኩ፤ እሱ የሚያሳየው ወጪ ሳይቀነስ ያለውን ገቢ ነው። የተጣራው ገቢ ያለበትን ስኬጁል ሲ የተባለ የታክስ ፎርም ያያይዙ፣ የሁሉንም ኮፒ ያስቀሩ። የጎደለ ካለ ሆስፒታሉ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ሊነግርዎ ይገባል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና ራጅ አንባቢው ብዙ ጊዜ ለየብቻ ያስከፍላሉ። የሆስፒታሉ የእርዳታ ፖሊሲ የትኞቹን እንደሚሸፍን የሚያሳይ ዝርዝር መኖር ስላለበት ይጠይቁት፤ እዚያ ላይ የሌለውን ለራሱ ቢሮ መደወል ያስፈልጋል።

ከተፈቀደልዎ፣ ለድንገተኛና ለአስፈላጊ ሕክምና የሚጠየቁት ኢንሹራንስ ላላቸው ታካሚዎች በተለምዶ ከሚታሰበው አይበልጥም። ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሆስፒታሉ የራሱን ፖሊሲ ከጣሰ ለክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ፣ እንዲሁም በፎርም 13909 ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ አር ኤስ) አቤት ይበሉ።