ሂናን አዘጋጅቶ ለመሣል

ሂና ስሥል ብዙ ጊዜ «ቶሎ የሚጠቁር የለሽም?» እባላለሁ። የለኝም፤ ሌላ ቦታም አትፈልጉት። ከቅጠል የተገኘ ሂና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን አያጠቁርም። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ፒፒዲ የተባለ የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል ቆዳን ያቆስላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ አንዳንዴም የንድፉን ቅርጽ የያዘ ጠባሳ ይተዋል። አንዴ አለርጂ የሆነበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጸጉሩን እንኳ መቀባት ሊከለከል ይችላል። እኔ የሂናውን ሊጥ በገዛ እጃችሁ አዘጋጁ የምለውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ነገር ከዱቄቱ ይጀምራል። ጥሩው አረንጓዴ ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል። ወደ ቡናማ ካደላ አርጅቷል፤ ከጠቆረ ሌላ ነገር ተደባልቆበታል፣ ተዉት። ለጸጉር የተፈጨው ሻካራ ስለሆነ የመሣያውን ቀዳዳ ይደፍናል።

50 ግራም ዱቄት በናይለን ጨርቅ ንፉና ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር ቀላቅሉ። ስኳሩ ሊጡ ደርቆ ከቆዳ ላይ እንዳይረግፍ ይይዘዋል። ከዚያ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ አማስሉ፤ በመጨረሻም ሦስት የሻይ ማንኪያ ንጹህ የላቬንደር ዘይት ጨምሩ። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ግን ዘይቱን አልጨምርም። ላዩን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ ከ8 እስከ 24 ሰዓት አሳድሩት። ቀለም የሚሰጠው ላውሶን የተባለው ንጥረ ነገር ከቅጠሉ የሚለቀቀው በዚህ ጊዜ ነው። መድረሱን ለማወቅ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጥረጉት፤ ብርቱካናማ ምልክት ከተወ ደርሷል። አሁን ጥቂት ጭማቂ ጨምራችሁ፣ ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ማር እስኪወርድ አቅጥኑት።

ሊጡን ጫፉ በሾለ የፕላስቲክ ጥቅልል ውስጥ ሞልታችሁ አፉን እሠሩ፤ ጫፉን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ብቻ ቁረጡ። ቆዳው በሳሙና ታጥቦ የደረቀ፣ ቅባት ያልነካው ይሁን። ጀማሪዎች ጫፉን ቆዳው ላይ ጭነው እንደ እስክሪብቶ ይጎትቱታል፤ መስመሩ የሚበላሸው በዚህ ነው። ከቆዳው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጨመቅ ስታደርጉ ክሩ ራሱ ወርዶ ይተኛል፤ የእጃችሁ ሥራ አቅጣጫውን መምራት ብቻ ነው። መስመሩን ስትጨርሱ መጭመቁን አቁማችሁ ጫፉን ወደ ታች ንካ አድርጉት፤ ጭራ አይተውም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ሊጡ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቆዳ ላይ ይቆይ። ሲነሳ በውሃ አይታጠብም፣ ይፋቃል። መጀመሪያ የምታዩት ብርቱካናማ ቀለም አያስደንግጣችሁ፤ አንድ ቀን ያህል ከውሃ ብትጠብቁት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ወደ ጥልቅ ቡናማ ይለወጣል። መዳፍና የእግር ውስጥ የቆዳቸው የላይኛው ንብርብር ወፍራም ስለሆነ ከሁሉም በላይ ይደምቃሉ፤ ክንድና ትከሻ ፈዘዝ ይላሉ። ቆዳው እየተላጠ ሲሄድ ንድፉም ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል።

ጥቁር ቀለም ለሚወዱ ጃጓ የተባለ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ፍሬ አለ። ያልበሰለው ፍሬ ጭማቂ ቆዳ ላይ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። እሱም ቢሆን አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድማችሁ በትንሽ ቦታ ሞክሩት። የጂ6ፒዲ እጥረት (ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚጠብቅ ኢንዛይም በዘር የማነስ ችግር) ያለበትን ሰው ግን ሂና ፈጽሞ አትቀቡ፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስበት ይችላል። ለጨቅላ ሕፃናትም አልቀባም።

የተረፈውን ሊጥ ማቀዝቀዣው በረዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ፤ ለወራት ይቆያል። ውጭ ካደረ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉልበቱን ያጣል።