የውሃ ቀለም ደብተር እንዴት ይያዛል? (ፒያሳ ላይ ተቀምጦ፣ አበላሽቶ ከተማረ ሰው)

ደብተሬ አራተኛ ገጽ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ አለ። ጭጋግ ልስል ፈልጌ አይደለም። ፒያሳ ውስጥ የነበረ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ነው። የእንጨት በረንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ብርቱካን የመሰለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ የበረንዳውን እንጨት አንድ በአንድ በጄል እስክሪብቶ ሳልኩት። ከዚያ ውሃ የነካ ብሩሽ አሳለፍኩበት። በቃ፣ ሁሉም ሟሟ። «ሌላ ቀን መጥቼ እሰራዋለሁ» ብዬ ደብተሩን ከደንኩ። ሳልመለስ ቤቱ ፈረሰ።

ስለዚህ ሌላው ሰው ከቀለም ቢጀምር፣ እኔ ከእስክሪብቶ እጀምራለሁ።

1. እስክሪብቶውን ፈትኑት

ብጣሽ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ እርጥብ ብሩሽ አሳልፉበት። ከሄደ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ብዙ ጄል ይሄዳል። ብዙው የብልቃጥ ቀለምም እንደዚያው። ፐርማነንት ማርከር አይሄድም፣ ግን ወረቀቱን በስቶ ጀርባው ላይ ይወጣል። ሁሉም የሚንቀው ተራ ቢክ ግን ቀለሙ ዘይት ስላለበት ውሃ ብዙም አይደፍረውም። ለጀማሪ ከቢክ የተሻለ አላውቅም። ውድ የንድፍ እስክሪብቶ ግዙ የሚላችሁን ሰው ለጊዜው አትስሙት።

2. ደብተር

የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው)። ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ሁለት ጊዜ ከተሸ ደግሞ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ይነሳል። ለውሃ ቀለም የሚሠራው ወረቀት 300 ግራም ይሆናል። 200 ግራምም ያስኬዳል። ልዩነቱ ውፍረቱ ብቻ አይደለም። የውሃ ቀለም ወረቀት ሲሠራ ሙጫ ነገር ይጠጣል፤ ቀለሙ ወዲያው እንዳይሰርግ የሚያደርገው እሱ ነው።

ችግሩ ዋጋው። የተዘጋጀ ደብተር ስትጠይቁ ባለሱቁ የሚጠራላችሁ ብር ሱሱን ሊያስተዋችሁ ይችላል። እኔ ትልቁን ወረቀት በነጠላ ገዝቼ እቆርጠውና እሰፋዋለሁ። አራት ወይም አምስት ወረቀት እጠፉ፣ አንዱን ባንዱ ውስጥ ክተቱ፣ እጥፋቱ ላይ በወፍራም መርፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ። ክሩን በመሃለኛው ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ አውጡ። በላይኛው አስገቡ። በውስጥ በኩል ወርዳችሁ በታችኛው አውጡ። መልሳችሁ በመሃለኛው አስገቡና ሁለቱን ጫፎች ቋጥሩ። ክሩን አስቀድማችሁ ጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትጎትቱት ሰሙ ያጠነክረዋል፣ አይወሳሰብም። ሽፋኑ ካርቶን ነው። የድሮ ሰዎች ብራናውን ሰፍተው በእንጨት ገበታ ሲያለብሱት፣ እኛ በብስኩት ካርቶን ብንሸፍነው ነውር የለውም።

3. ቀለምና ብሩሽ

ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እና ቀላ ያለ ቡኒ ይበቃል። ጥቁር አትግዙ። ቡኒውንና ሰማያዊውን ስትቀላቅሉ የሚወጣው ግራጫ ለአዲስ አበባ ቆርቆሮና አስፋልት የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ነጭም አያስፈልግም፣ ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ስትስሉ ነጩን ቦታ ዝም ብላችሁ ዝለሉት።

የቀለም ቱቦውን በየሃይላንድ ክዳኑ ላይ ጨመቅ አድርጉና አንድ ሁለት ቀን አድርቁት። ክዳኖቹን የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ለጥፏቸው። በቃ፣ በኪስ የሚገባ የቀለም ሳጥን ሆነ። የደረቀው ቀለም ውሃ ሲነካው እንደገና የሚነቃው ሙጫ ስላለበት ነው፤ ከግራር ዛፍ የሚለቀመው፣ በቆላው አገራችንም የሚገኘው ሙጫ።

ብሩሽ አንድ። ክብ፣ ጫፉ ሹል፣ ቁጥር 8 አካባቢ። ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አትተዉት፣ ጫፉ ይጣመማል።

4. ውሃው

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። እኔ ስድስት ወር ያባከንኩት እዚህ ነው።

በአለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም በተቋቋመው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማርኩ ሰው አይደለሁም። የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ የራሴን መለኪያ ከወጥ ቤት አመጣሁ፦ ሻይ፣ አጥሚት፣ ሽሮ። ሻይ ማለት የሲኒው ታች የሚታይበት ቅጥነት ነው። ለሰማይ፣ ለሩቅ ተራራ። እንጦጦ ሁልጊዜ ሻይ ነው። አጥሚት ለዛፍና ለግድግዳ። ሽሮ ለበር፣ ለመስኮት፣ ከመኪና ሥር ላለው ጥላ። ከቀጭን ወደ ወፍራም ነው የሚኬደው። የውሃ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥቁሩን አስቀድማችሁ ብታስቀምጡ ከላዩ የምትቀቡት ቢጫ አይሸፍነውም።

ይህን በአንድ ቀን ትለምዱታላችሁ። የሚያስቸግረው የወረቀቱን እርጥበት ማወቅ ነው።

ወረቀቱ ሦስት ሁኔታ አለው። አንደኛው ዝናብ እንዳባራ እንደ አስፋልት ሲያብለጨልጭ ነው። ያኔ ሌላ ቀለም ጠብ ብታደርጉበት እየተስፋፋ ይገባል። ደመና የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነው። ሦስተኛው ጨርሶ ሲደርቅ ነው፤ ያኔ ሌላ ድርብ መቀባት ትችላላችሁ፣ ጠርዙም ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሰው የሚያጠፋው ሁለተኛው ላይ ነው። ማብለጭለጩ ጠፍቷል፣ ለዓይን የደረቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነው። በዚህ ሰዓት ውሃ የያዘ ብሩሽ ከነካው፣ አዲሱ ውሃ የቀደመውን ቀለም ወደ ዳር ይገፋዋል። መሃሉ ይነጣል፣ ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸራረፋል። ያንን ላስተካክል ብላችሁ ደግሞ ስትነኩት ሁለተኛ ጎመን ይበቅላል። እኔ አንድ ጊዜ ከቸርችል ጎዳና አናት ሆኜ ቁልቁል እስከ ለገሃር ያለውን ሳልኩና ሰማዩን አምስት ጊዜ «አስተካከልኩት»። የጉለሌ አትክልት ቦታ መሰለ።

መለያው ቀላል ነው። የእጃችሁን ጀርባ ወረቀቱ ላይ በስሱ አሳርፉት። ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ዓይናችሁን አትመኑ፣ እጃችሁን እመኑ። ሌላው ልማድ ደግሞ ብሩሹን ባጠባችሁ ቁጥር ሶፍት ላይ አንዴ ነካ ማድረግ ነው። ብሩሹ ከወረቀቱ የበለጠ ውሃ ይዞ ካልመጣ ጎመኑ አይወጣም።

እስኪደርቅ ምን ይደረግ? ቤት ከሆናችሁ ቡና አፍሉ። አልቀልድም። ሰማዩን ቀብታችሁ አቦል ጠጡ። ግድግዳና ዛፉን ቀብታችሁ ቶና። በረካ ሲደርስ ለበርና ለመስኮት ትደርሳላችሁ። ከቡና በፊት እጄ አያርፍም ነበር፤ ሲኒ ስይዝ ግን ብሩሽ መያዝ አልችልም። ፎን (የፀጉር ማድረቂያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ራቅ አድርጉት፣ አለዚያ ውሃውን እየገፋ ያስኬደዋል።

ወቅቱንም ቁጠሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የበጋው አየር ደረቅ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደጅ ስትቀመጡ ሻዩ እያያችሁት ይደርቃል፣ ስለዚህ ሰማዩን በፍጥነት፣ ሳትቆሙ ቀቡ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይደርቅም። አንድ ሐምሌ ዝናብ ሲጥል ደብተሬን ጥርቅም አድርጌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ቤት ደርሼ ስከፍተው ሁለቱ ገጾች ተሳስመዋል። ስለያያቸው አንዱ የሌላውን ቆዳ ይዞ ተነሳ። እርጥብ ደብተር አትክደኑ። ፌስታል መሃል ማስገባትም አያድንም፣ እርጥበቱን ያፍነዋል።

ወረቀቱ ከተጨማደደ ገጹ ከደረቀ በኋላ ጀርባውን በትንሹ አርጥቡት፣ በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና አሳድሩት። ከመጀመሩ በፊት አራቱንም ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ብትይዙት ደግሞ ብዙም አይጨማደድም። ፕላስተሩ ሲነሳ ዙሪያውን ንጹሕ ነጭ ፍሬም ይተዋል። እኔ እዚያ ነጩ ላይ እንደ ብራና መጻሕፍቱ ሐረግ በቢክ እስልበታለሁ። ጠማማ ነው የሚወጣልኝ። ግን ያምራል።

5 እና 6. መለጠፍ፣ መፋቅ፣ መቀላቀል

ደብተሩ ስዕል ብቻ መሆን የለበትም። ቲኬት፣ የሎተሪ ቁራጭ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የድሮ ቀን መቁጠሪያ፣ ሁሉም ይገባል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ።

ጧፍ ከቀለም በፊት ነው የሚገባው። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ቦታ በጧፍ ፈትጉትና ከላይ ቀቡት። ሰሙ ውሃውን አይቀበልም፣ ነጩ መስመር ብቅ ይላል። የነጠላ ጥለት፣ የዝናብ መስመር እንዲህ ይወጣል። ግን ሰም ያለበት ቦታ ላይ በኋላ ኮላም እስክሪብቶም አይይዝም፣ ተጠንቀቁ።

ከጀበና የተረፈ ቡና ግሩም ቡኒ ነው። ስኳር ያለበትን እንዳትጠቀሙ። እኔ ተጠቅሜ ገጹ ሳምንት ሙሉ ተጣባቂ ሆነ፣ ከዚያ ጉንዳን መጣ።

ኮላ የመጨረሻው ነው። ነጩ ኮላ ደርቆ የቀረበት ቦታ ላይ የውሃ ቀለም አይገባም፣ እንደ ዘይት ይንሸራተታል። ስለዚህ ቀለሙ ደርቆ ካለቀ በኋላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከመሃል ወደ ዳር በጣት ግፉ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣውን ደረሰኝ አትለጥፉ። ያ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍበት ነው። ፎን ሲነካው ይጠቁራል፣ ዝም ብትሉትም ጽሑፉ ይጠፋል። ጋዜጣ ቢጫ ይሆናል። ያ ከሆነ የምትፈልጉት ለጥፉት።

7. የት ይቀመጣል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ ሲኒ ሳሉ። ከዚያ ውጡ። ጊዮርጊስ ግቢ ዛፍ ሥር ጥሩ ነው፣ ጸጥታ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ስለሆነ ግን አትቸኩሉ። በአንድ ጊዜ የሚታያችሁን ፊት ብቻ ቁጠሩና የእያንዳንዱን ስፋት በእርሳስ ያዙ። የሚጠበበው ወደ ዳር ያለው ነው። የምኒልክን ሐውልት ለሌላ ጊዜ አቆዩት። እኔ ፈረሱን ሦስቴ ሞክሬ ሦስቱንም አህያ አድርጌዋለሁ።

በር ላይ ዘበኛ ካለ ደብተር ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አንድ አጥር ፊት ተቀምጬ፣ አንድ ጥበቃ መጣ።

«ምን እየጻፍክ ነው?»

«እየሳልኩ ነው ጋሼ። ዛፉን።»

ደብተሩን ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው። ዛፉን ከወረቀቱ፣ ወረቀቱን ከዛፉ አስተያየ። «ቅርንጫፉ በዚህ በኩል ነው» አለኝና ሄደ። እውነቱን ነበር። በሌላ በኩል ነበር ያወጣሁት።

ሕፃናት ይሰበሰባሉ። «እኔን ሳለኝ» ይላሉ። አንድ ትርፍ ወረቀትና እርሳስ ያዙ፣ ስጧቸው፣ እነሱም ይሳሉ። ያለዚያ ሥራ የለም።

8. ቀኑን ጻፉ

ጥግ ላይ፣ በቢክ። ቀን፣ ቦታ፣ የሰማችሁት አንድ ነገር። ከስዕሉ ይልቅ ይህን የማነብበት ጊዜ ይበዛል።

የተበላሸ ገጽ አትቅደዱ። በእጅ በተሰፋ ደብተር አንዱን ስትቀድዱ ከእጥፋቱ ማዶ ያለው ወንድሙም ይላቀቃል። ወይ ወረቀት ለጥፉበት፣ ወይ ተዉት። እኔ አራተኛውን ገጽ ትቼዋለሁ። ከጭጋጉ ሥር በቢክ አንድ መስመር ብቻ ጨመርኩበት፦ «በረንዳው ሰባት ምሰሶ ነበረው። ስድስትም ሊሆን ይችላል።»