ውስኪ ሳወር ቤት ውስጥ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ ከደሴና ከኮምቦልቻ

ደሴ ላይ ለእንግዶች ሠርቼ የተመሰገንኩበትን ውስኪ ሳወር፣ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት በዚያው ልክ ሠርቼ አቀረብኩ። ባለቤቷ አንድ ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይህ ውስኪ ነው ወይስ የሎሚ ውሃ?» አለኝ። ጠርሙሱ ያው ነበር፤ ሎሚውም ከአንድ መደብ የተገዛ። የተለወጠ ነገር ቢኖር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረዴ ነው። በመጀመሪያ ያማሁት ውስኪውን ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚያማው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ባበላሸሁ ቁጥር ምክንያቱን ስፈልግ ግን ጥፋቱ ከጠርሙሱ የተገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በረዶው ወይም ልኩ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ሳወር ማለት ኮምጣጣ ማለት ነው። የመጠጡ ስም እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት በታተመ ጋዜጣ ላይ ተጠቅሷል። እኔ ለአንድ ሰው የምነሳበት ልክ ይህ ነው፦ 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ፤ ከተፈለገ ደግሞ የአንድ እንቁላል ነጩ። መበጥበጫ ዕቃ ከሌለ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የማርማላታ ብልቃጥ ይበቃል፤ ለማጥለል የሻይ ማጥለያ።

ውሃ ውሃ ይላል

የኮምቦልቻው ችግር ይህ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ደሴ ላይ ከቁም ሳጥን የወጣ ብርጭቆ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ግን ብልቃጡም፣ ውስኪውም፣ ሽሮፑም ሞቀው ስለሚጠብቁ በረዶው መጠጡን ከማቀዝቀዙ በፊት ዕቃውን ሲያቀዘቅዝ ይቀልጣል።

ብዙ ሰው መጠጡ እንዳይቀጥን ብሎ በረዶ ይቆጥባል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሦስት ፍሬ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ያልቃል፣ መጠጡ ግን ገና አልቀዘቀዘም። ብልቃጡን ሁለት ሦስተኛ ያህል በበረዶ ሲሞሉት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የሚቀልጠውም ጥቂት ይሆናል። ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል በጥብጠው ወዲያው ያጥልሉ፤ የተበጠበጠበትን በረዶ ጥለው ብርጭቆው ውስጥ አዲስ ይጨምሩ። ውሃውን ጨርሶ ጠላት አያድርጉት። በደንብ ከተሠራ መጠጥ ሩብ ያህሉ ከበረዶ የቀለጠ ውሃ ነው፤ ያለ እሱ ውስኪው ጉሮሮ ይቧጥጣል።

በረዶው ራሱም ይታያል። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚገኘውን በረዶ በዘነዘና ፈጭተው ከተጠቀሙበት ስብርባሪው በአፍታ ውሃ ይሆናል። ለብርጭቆው በትንሽ የፕላስቲክ ሳህን የረጋ አንድ ትልቅ በረዶ ይሻላል። ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋና ቅቤ ካለ ደግሞ በረዶው ሽታቸውን ይጠጣል። አንድ ጊዜ የቅቤ ቃና ያለው ውስኪ አቅርቤ እንግዶቼ በጨዋነት ዝም ብለውኛል። መፍትሄው ክዳን ያለው ዕቃ ነው፤ ክዳን ከጠፋ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማሰር።

ጥርስ ያደነዝዛል

የውጭ አገር አዘገጃጀቶች ብዙ ጊዜ የሚሉት ትልቁንና ቢጫውን ሎሚ ነው። የእኛ ሎሚ ትንሹ፣ ልጣጩ ስስ የሆነው፣ ሽታውም ጣዕሙም የሚበረታው ነው። እነሱ 30 ሚሊ ሊትር ሲሉ እኔ 20 የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕቃው ነው። የአረቄዋን ብርጭቆ መለኪያ እንላታለን እንጂ ከቤት ቤት መጠኗ ይለያያል፤ ሲኒም እንዲሁ። ፋርማሲ ሄደው ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይግዙና መርፌውን ትተው ይጠቀሙበት። ሦስት ጊዜ ውስኪ፣ አንድ ጊዜ ሎሚ፣ አንድ ጊዜ ሽሮፕ፤ እጅ እንደመራ የሚባል ነገር የለም። ባለሙያ የሚባሉት እናቶቻችን ያለ መለኪያ ይሠራሉ የሚል ይኖራል፤ እነሱ ግን እጃቸውን ያሠለጠኑት ሠላሳ ዓመት ወጥ ሠርተው ነው።

ከኮምጣጣነቱ ይልቅ ምሬቱ ካስቸገረ ሎሚው እስከ ልጣጩ ተጨምቋል ማለት ነው። አንዴ ጨምቀው ይተዉት።

ስኳሩ ከታች ይዘቅጣል

ደረቅ ስኳር በቀዝቃዛ ውስኪ ውስጥ አይሟሟም። አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ አሟሙተው አቀዝቅዘው ይጠቀሙ። ማር ከመረጡ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ያቅጥኑት፤ አለበለዚያ በረዶው ላይ ይረጋል።

አረፋ አልወጣ አለ፣ ወይም እንቁላል እንቁላል ይሸታል

አረፋ የሚከለክለው ቅባት ነው። ትንሽ አስኳል ከገባ፣ ወይም ብልቃጡ ቀደም ሲል ቅቤ ከነበረበት፣ ቢበጠብጡ ቢበጠብጡ አይነሳም። ብልቃጡን በፈላ ውሃና በሎሚ ያጥቡት። ከዚያ ሁሉንም ነገር በመጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ ይበጥብጡ፤ በረዶውን ጨምረው ይድገሙት። ሽታው ከመጣ እንቁላሉ ቆይቷል፤ ትኩሱንም ቢሆን አረፋው ላይ የብርቱካን ልጣጭ ጠምዘዝ ቢያደርጉበት ዘይቱ ይሸፍነዋል። ጥሬ እንቁላል ሕመም ሊያስከትል እንደሚችል ግን አይርሱ።

እንቁላል ለማይፈልግ ሽምብራ አለ። ያለ ጨው የተቀቀለ ሽምብራ ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ እስኪወፍር ድረስ ተንተክትኮ ሲቀዘቅዝ 30 ሚሊ ሊትሩ ያንኑ አረፋ ይሰጣል። በጾም ወቅት የሠራሁት በዚህ ነው፤ ውስኪው ራሱስ ለሚለኝ፣ እሱን የነፍስ አባትህን ጠይቅ እላለሁ።

ሁለቱም ከተሞች አልኮል የማይገባባቸው ብዙ ቤቶች ያሉባቸው ናቸው። ለማይጠጣ እንግዳ ውስኪውን በ60 ሚሊ ሊትር ጠንካራና የቀዘቀዘ ሻይ ይተኩ። ብልቃጡና ብርጭቆውም መጠጥ ያልነካቸው ይሁኑ።

ጢስ ጢስ ይላል

ይህ ጥፋት አይደለም። የአንዳንድ የስኮትላንድ ውስኪ የገብስ ብቅል የሚደርቀው ከረግረግ በሚቆፈር ማገዶ ጢስ ነው፤ በወይራ የታጠነ እንስራ ጠላ የለመደ ሰው ሊደነግጥበት አይገባም። ከሎሚ ጋር ግን ይጣላል። ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ የሆነውና ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል የሚቆየው የአሜሪካው ቦርበን ለዚህ መጠጥ ይስማማል።

የጠርሙሱ መታሸጊያ የተነካ ነው

ሎሚና ስኳር የማይፈቱት ብቸኛ ችግር ይህ ነው። በሐሰተኛ መጠጥ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ሜታኖል በጣዕምም በሽታም አይለይም፤ ስለዚህ ቀምሶ ማረጋገጥ የሚባል ነገር የለም። ይድፉት። ከጠጡ በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ዓይን ከደበዘዘ ወይም ትውከትና ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ብልቃጡ አልከፈት አለ

ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ክዳኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ያቆዩ፤ የፈላ ውሃ ግን የቀዘቀዘውን ብልቃጥ ይሰነጥቀዋል። የኮምቦልቻው አማቼ በቢላዋ ጫፍ ሊፈለቅቀው ሲል ነው ከእጁ የነጠቅሁት።