የሮታሪ ሞተር የዘይት አመጣጠንን እንዴት መፈተሽና መደገፍ ይቻላል

ዘይት የሚበላ መኪና ሲቀርብለት ገዢ ይሸሻል፤ መካኒክም «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ይላል። እንደ ማዝዳ አርኤክስ-7 እና አርኤክስ-8 ባሉ ባለ ሮታሪ ሞተር መኪኖች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሊያሳስብ የሚገባው ዘይቱ ከወር እስከ ወር ዝቅ የማይል ሞተር ነው።

በዚህ ሞተር ውስጥ በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይዞራል፤ በየማዕዘኑ ጫፍ የተሰኩት፣ አፔክስ ሲል የሚባሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎችም የክፍሉን ግድግዳ እየዳሰሱ አብረውት ይሄዳሉ። በተለመደው ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ ከበታቹ በሚረጭ ዘይት ይርሳል። በሮታሪ ውስጥ የሚዘዋወረው ዘይት ግን ሮተሩን ከውስጥ ያቀዘቅዛል እንጂ ለእነዚህ ማሸጊያዎች በቂ ሆኖ አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ አነስተኛ ፓምፕ ከዚያው የሞተር ዘይት ላይ ጥቂት በጥቂት እየመጠነ ወደ ክፍሉ ይልካል፤ የተላከውም ማሸጊያዎቹን አለስልሶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ሥራ ፍጆታውን መመዝገብ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉ፣ መልሰው ይክተቱ፣ እንደገና አውጥተው ያንብቡ። ንባቡን ከኪሎ ሜትሩ ጋር ይጻፉ፤ ቤንዚን በሞሉ ቁጥር፣ ቢበዛ በየሁለተኛው ሙሌት፣ ይህንኑ ይድገሙ። ዘይቱ ቀስ በቀስ የሚቀንስ ከሆነ ፓምፑ እየሠራ መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንደሌለ መሬቱን ሳያዩ እርግጠኛ አይሁኑ።

ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍተው ከፓምፑ ተነሥተው ዘይቱን ወደ ክፍሉ ወደሚያስገቡት አፍንጫዎች የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይመርምሩ። በአሮጌ አርኤክስ-7 ላይ እነዚህ የፕላስቲክ ቱቦዎች በሙቀት ብዛት እንደ ደረቅ ገለባ ስለሚሆኑ፣ በጣት ገፋ ሲያደርጓቸው ቀጭ ብለው ሊሰበሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አዲስ ቱቦ ሳያዘጋጁ ባይነኳቸው ይሻላል። ዘይት ያረጠበው መጋጠሚያ ካዩ ፍንጥቅ አለ ማለት ነው። አፍንጫውን ሲያወጡ ደግሞ ንፋስ ይንፉበት፤ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ስላለበት፣ በሁለቱም በኩል የሚያሳልፍ ወይም ፈጽሞ የተደፈነ አፍንጫ መለወጥ አለበት።

የፓምፑ ፍተሻ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በቀድሞዎቹ ሜካኒካል ፓምፖች ላይ ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘች ዘንግ አለች፤ አንድ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ዘንጓ ያለ መንቀርፈፍ መንቀሳቀስ አለባት። የኋለኞቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ስለሆኑ የብልሽት ኮዱን በመሣሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

ብዙ ባለቤቶች በዚህ ሳይወሰኑ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቅላሉ፤ እኔም የምደግፈው አሠራር ነው። የሞተር ዘይት እንዲቃጠል ተብሎ ስላልተሠራ አመድ ይተዋል፤ ይህኛው ግን ለመቃጠል የተዘጋጀ ነው። ጃሶ ኤፍዲ (JASO FD) የሚል የጃፓን የጥራት ደረጃ ምልክት ያለውን ይምረጡ። ፓምፑ ጤነኛ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ለ50 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ፓምፑ ከተነሣ ወይም ካልሠራ መጠኑ ወደ 8 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። የሚሠራ ፓምፕን ማንሳት ግን አልመክርም፤ ዘይቱን ረስተው አንድ ጊዜ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ቢሞሉ ማሸጊያዎቹ ደርቀው ይፋተጋሉ።

ሲቀላቅሉ ስሌቱ በታንከሩ ጠቅላላ መጠን ሳይሆን አሁን በሚጨምሩት ሊትር ነው። ዘይቱን አስቀድመው ያፍስሱ፤ ከማደያው በኃይል የሚወርደው ቤንዚን ራሱ ያማስለዋል። የተለካ ዘይት የያዘች፣ ክዳኗ የጠበቀ ጠርሙስ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ አትጥፋ።