ታክስኮን ከላይ ወደ ታች ጎብኙት

ከሜክሲኮ ሲቲ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይታችሁ በብር ማዕድን ወደታወቀችው ታክስኮ ለአንድ ቀን ከሄዳችሁ፣ «እስከ ሳንታ ፕሪስካ ቤተ ክርስቲያን አድርሰን» አትበሉ። መንገዶቹ ጠባብ፣ በድንጋይ የተነጠፉና ቀጥ ያሉ ዳገቶች ናቸው፤ መሃል ላይ ማቆሚያ መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

መኪናው ታች፣ አቬኒዳ ዴ ሎስ ፕላቴሮስ ላይ ይጠብቃችሁ። እናንተ በነጭ ቮልስ ታክሲ ከከተማው በላይ እስካለው የክርስቶስ ሐውልት ውጡ፤ «አል ክሪስቶ» ካላችሁት ሹፌሩ ይገባዋል። ዋጋ ሳትስማሙ አትሳፈሩ፣ ዝርዝር ፔሶም ያዙ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፦ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1758 ያለቀው ሳንታ ፕሪስካ፣ ቀጥሎ ከአጠገቡ ያለው ገበያ፣ ከዚያ በደረጃው ወደ መኪናችሁ። ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚያደክመው ዳገቱ ነው።

ቅዳሜ የብር ገበያው እዚያው ታችኛው መንገድ አካባቢ ስለሚዘረጋ የመኪናችሁ ሹፌር ራቅ ብሎ እንዲጠብቃችሁ ንገሩት። ጌጥ ስትገዙ 925 (92.5 በመቶው ብር ነው ማለት ነው) የሚል ማኅተም ፈልጉ። ብርን ማግኔት አይስበውም ብሎ በማግኔት መፈተን ብቻውን አያዋጣም፦ «አልፓካ» የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ብር የሚባል ነገር የለበትም፣ ግን እሱንም ማግኔት አይስበውም።

ዝናብ ከጣለ ወይም ጉልበት ከሚያማችሁ ቁልቁለቱን ተዉት፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ስትመለሱም ታክሲ ያዙ። ታክስኮ ያለችበት የጌሬሮ ግዛት ጸጥታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ወቅታዊውን ማስጠንቀቂያ እዩ።