ዲጂታል ኤፍኤም ሞጁል ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ኤፍኤም ሞጁል ከተለያዩ ክፍሎች በሚገጣጠም ሲንተሳይዘር (ሞጁላር) ውስጥ ድምፅ አውጪ ክፍል ነው፤ ኤፍኤም እዚህ ሬዲዮ ሳይሆን፣ የአንዱን ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ድግግሞሽ በሌላው እየነቀነቁ ድምፅ መፍጠር ነው። ሞጁሉን ከመፍታታችሁ በፊት መልቲሜትር ያዙ። ዲጂታል ኦሲሌተር በክሪስታል ሰዓት ስለሚሠራ በራሱ ቅኝት የሚስተው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ወደ ውስጥ በሚገባው ቮልት ላይ ይገኛል።

ጨርሶ አይበራም

ኃይሉን አጥፍታችሁ ጠፍጣፋውን ገመድ እዩ። በዩሮራክ (በተለመደው የሞጁላር መስፈርት) ቀዩ መስመር የሚውለው በኔጌቲቭ 12 ቮልት በኩል ነው። ተገልብጦ ከተሰካ፣ መከላከያ ዳዮድ የሌለው ሞጁል ሊቃጠል ይችላል። 5 ቮልት የሚፈልግ ሞጁል ደግሞ ባለ 16 ፒን ገመድ ይሻል፤ ባለ 10 ፒኑ የ5 ቮልቱን መስመር አይዝም።

ኖታው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቅኝቱ ይወርዳል

ኖታው ለሞጁሉ የሚነገረው በቮልት ነው። ደንቡ ለአንድ ኦክታቭ 1 ቮልት ነው፤ ለሴሚቶን (የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ) የሚደርሰው 83.3 ሚሊ ቮልት ብቻ። የሲኩዌንሰሩ (ኖታዎቹን በተራ የሚልከው መሣሪያ) መውጫ ሬዚስታንስ 1 ኪሎ ኦም፣ የሞጁሉ መግቢያ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን ቮልቱ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በተራ ማከፋፈያ ሁለተኛ ሞጁል ሲጨመር ጉድለቱ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል፤ 3 ቮልት ላይ 59 ሚሊ ቮልት፣ ማለትም ከሴሚቶን ሁለት ሦስተኛ በላይ። ባፈር (ቮልቱ እንዳይቀንስ የሚያደርግ ሰርኪዩት) ያለው ማከፋፈያ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ (ሞጁሉን ከሚደርሰው ቮልት ጋር አስተካክሉ)። ለዚህ ብዙ ሞጁሎች 1 እና 3 ቮልት ይጠይቃሉ። ቮልቱን ኬብሉ እንደተሰካ በማከፋፈያው ትርፍ ቀዳዳ ለኩት፤ ተነቅሎ የተለካ ቁጥር ያሳስታል።

ቅኝቱ ልክ ነው፣ የሚሰማው ግን ሌላ ኖታ ነው

ይህ ብልሽት አይደለም። በድግግሞሽ ሬሾ (ንጽጽር) ካሪየሩ (የሚሰማው ኦሲሌተር) 3፣ ሞዱሌተሩ (እሱን የሚነቀንቀው) 2 ከሆነ የሚወጡት ድግግሞሾች 1፣ 3፣ 5፣ 7 ናቸው፤ ጆሮ መሠረት አድርጎ የሚይዘው 1ን ነው፣ ከካሪየሩ አንድ ኦክታቭና አምስተኛ ዝቅ ብሎ። ካሪየሩን 1 ላይ አድርጉና ሞዱሌተሩን በሙሉ ቁጥር አስኪዱ። እንደ 1.41 ያለ ሬሾ የደወል ድምፅ ይሰጣል፤ ለዜማ ግን አይመችም።

በላይኛው ኦክታቭ ብረት የሚፋጭ የሚመስል ጫጫታ

አሊያሲንግ ነው፦ ሞጁሉ ሊይዘው የማይችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ ታጥፎ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ካሪየር 2 ኪሎ ኸርዝ፣ ሞዱሌተር 4 ኪሎ ኸርዝ፣ ኢንዴክስ (የመነቅነቁ ጥንካሬ) 8 ብትሰጡት ድምፁ እስከ 38 ኪሎ ኸርዝ ይዘረጋል። በ48 ኪሎ ኸርዝ የናሙና ፍጥነት የሚሠራ ሞጁል ከግማሹ፣ ከ24 በላይ ያለውን መያዝ አይችልም፤ 38ቱ ታጥፎ 10 ላይ ይወድቃል። ፊልተር አያድናችሁም፣ ጫጫታው አንዴ ከድምፁ ጋር ተቀላቅሏል። ኖታው ሲወጣ ኢንዴክሱ እንዲወርድ አድርጉ፦ የኖታውን ቮልት በኢንቨርተር ገልብጣችሁ ወደ ኢንዴክስ መግቢያ በጥቂቱ ላኩት። ፊድባኩንም (ኦሲሌተሩ ራሱን የሚነቀንቅበትን መጠን) ቀንሱ።

ኖታው ሲጀምር የቀደመው ኖታ ብልጭ ይላል

ጌቱ (ኖታውን የሚያስጀምረው ምልክት) ከኖታው ቮልት ቀድሞ እየደረሰ ነው። ጌቱን ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ አዘግዩት። መነሻው ላይ ጠቅታ ብቻ ከሆነ አታኩን (ድምፁ ከዜሮ የሚነሳበትን ጊዜ) 1 ወይም 2 ሚሊ ሰከንድ መጨመር ይበቃል።

ሲቀዳ ይሰነጠቃል

የሞጁላር ድምፅ 10 ቮልት ፒክ ቱ ፒክ (ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው) ይደርሳል፤ የስቱዲዮ ላይን ደረጃ 3.5 ገደማ ነው። መካከላቸው አቴኑኤተር (የቮልት መቀነሻ) አስገቡ።