አፕትን ራሱን መጀመሪያ አፕዴት አድርጉት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባሉትን የሊኑክስ ሲስተሞች የምትጠቀሙ ከሆነ ሶፍትዌር የሚጭንላችሁ አፕት ነው። የሚጭነው ደግሞ በሩት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የበላይ ተጠቃሚ ሥልጣን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የማይነካው ነገር የለም። ስለዚህ አፕት ውስጥ የተገኘ ክፍተት ችላ የሚባል አይደለም።

በዲሴምበር 2020 ይፋ የሆነውን፣ ሲቪኢ-2020-27350 የሚል መለያ የተሰጠውን የአፕት ክፍተት እንይ። ያገኘው የጊትሃብ ሴኩሪቲ ላብ ተመራማሪ ኬቨን ባክሃውስ ነው። የደብ ፋይል፣ ማለትም አፕት የሚጭነው ሶፍትዌር የሚመጣበት ፋይል፣ እንደ ታሸገ ካርቶን ነው፤ ውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፋይል «መጠኔ ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል። አፕት የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ እዚያ ደግሞ ቁጥር ከልኩ ሲያልፍ የሚጮህ ነገር የለም። ለምሳሌ አሉታዊ ቁጥር በማይይዝ 32 ቢት ላይ 4,294,967,295 ሲደመር 1 ዜሮ ይሆናል። አንድ ሰው ሆን ብሎ የውሸት መጠን ከጻፈበት ሒሳቡ ይዛባል፣ አፕትም ከተመደበለት ሜሞሪ ውጪ ያነባል ወይም ማለቂያ በሌለው ዙር ውስጥ ገብቶ ይደርቃል።

«የማላውቀውን ደብ አልጭንም» ብሎ መተው ግን አያዋጣም። በዚያው ሰሞን አፕትዴሞን የሚባለው ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት ፋይሉን በሩት ሥልጣን ይነካካ እንደነበር ታውቋል። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

በሉ ተርሚናል ክፈቱ። ትእዛዞቹን ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይሁን። «አፕት ፖሊሲ አፕት» በሉ፤ ኢንስቶልድ የሚለው አሁን ያላችሁ ነው፣ ካንዲዴት የሚለው ልታገኙት የምትችሉት። ኡቡንቱ 20.04 ላይ የተስተካከለው ከ2.0.2ኡቡንቱ0.2 ጀምሮ ነው፣ 18.04 ላይ ከ1.6.12ኡቡንቱ0.2፣ ዴቢያን 10 ላይ ከ1.8.2.2። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የጎረቤቱን ቁጥር አይቶ የእኔ አነሰ ብሎ ይደነግጣል። እያንዳንዱ ዕትም የራሱን ጥገና ስለሚያገኝ፣ የተስተካከለው 1.6.12 ካልተስተካከለው 2.0.2 ይሻላል። የምታወዳድሩት ከራሳችሁ ዕትም ጋር ብቻ ነው።

ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አፕት»። ሱዶ ትእዛዙን በሩት ሥልጣን የሚያስኬድ ነው። አፕት ብቻውን ይታደሳል። ሌላውን በ«ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ትጨርሱታላችሁ፤ ሌሎቹን ፓኬጆች የሚከፍተው የታደሰው አፕት እንዲሆን ነው ይህን ቅደም ተከተል የምመክረው።

ካንዲዴቱ ምንም ካልተለወጠ ዕትማችሁ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የ18.04 መደበኛ ድጋፍ በ2023 አልቋል። ወደ አዲስ ዕትም ተሻገሩ፣ ካልቻላችሁ ለአሮጌ ዕትሞች የተራዘመ ጥገና የሚሰጠው ኡቡንቱ ፕሮ ለግል አገልግሎት እስከ 5 ኮምፒውተር ድረስ በነፃ ነው።

በፍላሽ ወይም በቴሌግራም የመጣላችሁን ደብ ደግሞ ሱዶ ሳትጠቀሙ፣ በተራ ተጠቃሚ፣ በዲፒኬጂ-ደብ የኢንፎ ትእዛዝ (dpkg-deb --info እና የፋይሉ ስም) እዩት። ቢበላሽ እንኳ ጉዳቱ በሩት ሥልጣን አይሆንም።

ዶከር (ፕሮግራሞችን ኢሜጅ ከሚባል ዝግጁ ጥቅል የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ኮምፒውተራችሁ ቢታደስም ከዓመታት በፊት የተሠራ ኢሜጅ ውስጥ ያለው አፕት ያው የድሮው ነው። ቤዝ ኢሜጁን እንደገና አውርዳችሁ ከመጀመሪያው ገንቡት።